የፊት ዲፈረንሻል ማሰሪያ ለምን ይሰበራል፣ እንዴትስ ይጠናከራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልስላቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። ሦስቱም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ በትንንሽ ፎር ዊል መኪኖች ላይ የፊት ዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ክፍል) ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጉዳዩን ከሥሩ ስለሚያነሣ ሰፋ ያለ መልስ ሰጥቼበታለሁ። የቀሩት ሁለቱ ከእሱ ጋር ተያይዘው ቢነበቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ በጅማ ከተማ ቆጪ ነው። ሥራዬ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎችን እየዞርኩ መቆጣጠር በመሆኑ፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከአጋሮ አልፌ ወደ ጌራ፣ ሌላ ጊዜም ወደ ሊሙ ገነት እመላለሳለሁ። የምነዳው 1.6 ሊትር ሞተርና ማንዋል ማርሽ ያለው የቀድሞው ሞዴል ሱዙኪ ቪታራ ነው። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ገና ሳያባራ ከአንድ ጣቢያ ስወጣ ዳገቱ ላይ ጭቃ ያዘኝ፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ስሞክር ከፊት በኩል ኃይለኛ ድምፅ ሰማሁ። ጋራዥ ሲታይ የዲፈረንሻሉ የግራ ማሰሪያ በሻንሲው በኩል ተቀዶ ተገኘ። በወፍራም ብረት ተበየደልኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ብየዳው ምንም ሳይሆን በዲፈረንሻሉ በኩል ያለው የአሉሚኒየም ጆሮ (ማሰሪያው የሚያያዝበት ወጣ ያለ ክፍል) ተሰነጠቀ። አሁን አንድ መካኒክ «ጎሚኒዎቹን (በማሰሪያዎቹ ውስጥ ያሉትን የጎማ ትራሶች) አውጥተን ብረት በብረት እንሰረው» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ «መኪናው ለዚህ መንገድ አልተሠራምና ሽጠው» ይለኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መኪናዎን አይሽጡ፤ ጎሚኒዎቹንም አያስወጡ። የደረሰብዎት ብልሽት ቅደም ተከተሉ ራሱ ምክንያቱን ያሳያል። መጀመሪያ የተቀደደው በሻንሲው በኩል ያለው ላሜራ ነበር። እሱ በወፍራም ብረት ሲደነድን ጉልበቱ ሄዶ ያረፈው ቀጥሎ ደካማ በሆነው በአሉሚኒየሙ ጆሮ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ጎሚኒው ወጥቶ ብረት በብረት ቢታሰር ተራው የዲፈረንሻሉ ቤት፣ ማለትም ጥርሶቹን የያዘው ሽፋን፣ ይሆናል፤ የቤቱ ዋጋና የጥገናው አስቸጋሪነት ደግሞ ከማሰሪያው ጋር አይወዳደርም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ማሰሪያ የሚጠናከረው ጉልበቱን ለብዙ ነጥቦች በማካፈል ነው፤ የተሰበረውን አንድ ነጥብ ብቻ ማወፈር ስብራቱን ወደ ጎረቤቱ ያዛውረዋል።

በመጀመሪያ ዲፈረንሻሉ ምን እንደሚሸከም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የቀረበው ቪታራ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚወጡና የሚወርዱ በመሆናቸው፣ የፊት ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር አብሮ አይወጣም፣ አይወርድም፤ በሻንሲው ሥር በአብዛኛው በሦስት ቦታ በጎሚኒ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር የዲፈረንሻሉ ቤት በተቃራኒው አቅጣጫ ለመዞር ይታገላል። ፒኞኑ (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያስገባው ትንሹ ጥርስ) ወደ ኋላ ስለሚያይ፣ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የቤቱ የኋላ ጫፍ ወደ መሬት ይጫናል፣ የፊቱ ወገን ደግሞ ወደ ላይ ይነሣል። በኋላ ማርሽ ሲሆን ሁሉም ይገለበጣል። ቤቱ እንዳይዞር የሚከለክሉት እነዚያ ሁለት ሦስት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው።

ይህ ትግል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በእርስዎ መኪና ዓይነት ላይ አንደኛ ማርሽ 3.652፣ የትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) ዝግተኛ ማርሽ፣ ሎው፣ 1.816፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ደግሞ 5.125 ጊዜ ያበዛል እንበል። ሦስቱ ሲባዙ ወደ 34 ይጠጋሉ። ሞተሩ ወደ 130 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ከሆነ፣ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ትተን በአራቱ ጎማዎች ላይ በድምሩ ወደ 4,400 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ግማሹ ለፊት ቢደርስና በፊትና በኋላ ማሰሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ነው ብለን ብናስብ፣ እያንዳንዱ ወገን ከ700 ኪሎ በላይ የሆነ ጫና በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ይህ እንግዲህ ዝግ ብሎ ሲመጣ ነው። በጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር የቆየ ጎማ በድንገት ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዝ፣ በፍጥነት የሚዞረው ጎማና አክስል በቅጽበት ስለሚቆም ጫናው በምት መልክ ይደርሳል፤ ምት ደግሞ ከዝግታው ጫና ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የእርስዎም ማሰሪያ የተቀደደው በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም፤ ወደ ፊት ሲጫን የነበረው ቤት የኋላ ማርሽ ሲገባ በተቃራኒው ተገፍቷል፣ ያረጀው ጎሚኒ የተወውን ክፍተት ሁሉ በአንድ ጊዜ አልፎ ላሜራውን መትቶታል።

የጎሚኒው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ጎሚኒ ምቱን በጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዞ ያረዝመዋል፤ በዚያችው ቅጽበት ላይ ያርፍ የነበረው ጉልበት ተበታትኖ እንዲደርስ ያደርጋል። ከዚህም በላይ ሻንሲው ራሱ በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፤ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ሌላው ጉብታ ላይ ሲወጣ የሻንሲው የግራና የቀኝ ዘንጎች አንድ ደረጃ ላይ አይሆኑም። በብረት የታሰረ ዲፈረንሻል ይህን ጥምዘዛ ሁሉ በራሱ ቤት ላይ ይቀበላል፤ አሉሚኒየም ደግሞ ተደጋጋሚ መጣመምን በጣም ሲጠላ ይታያል። ጎሚኒው ይውጣ የሚሉት ባለሙያ ድምፁንና መንቀጥቀጡን ለማጥፋት አስበው ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ስንጥቁ ግን ይመጣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ምንም ዓይነት ብየዳ ከመጀመሩ በፊት መኪናው በደንብ ታጥቦ ይመርመር፤ ጭቃ በተለጠፈበት ማሰሪያ ላይ ስንጥቅ አይታይም። መኪናው በክሪክ ብቻ ተደግፎ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ፤ ጠንካራ ማቆሚያዎች በሻንሲው ሥር ይቀመጡ። ከዚያም አንድ ሰው ረጅም የብረት ዘንግ በዲፈረንሻሉና በሻንሲው መካከል አስገብቶ በዝግታ ይነቅንቅ፣ ሌላው ደግሞ በባትሪ መብራት እያንዳንዱን ማሰሪያ ይከታተል። ቤቱ በጥቂቱ ተንቀሳቅሶ በላስቲክነት ከተመለሰ ጎሚኒው ደህና ነው፤ ከተንቀሳቀሰ በኋላ «ኳ» ብሎ ብረት ከነካ አልቋል። የብሎኖቹን ዙሪያ በቅርብ ይዩ። የላላ ብሎን በሮንዴላው ሥር ቀይ ቡናማ ዱቄት ይተፋል፤ ዱቄቱ ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ የሚወጣ ዝገት ስለሆነ፣ በደረቀ ጭቃ ላይ እንኳ ከአካባቢው አፈር ጠቆርና ደቀቅ ብሎ ይለያል። የጅማ አፈር ራሱ ቀይ በመሆኑ ይህን ምልክት ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ስለዚህ በጨርቅ ጠርገው፣ መኪናውን ጥቂት ነድተው እንደገና ይዩት። ብሎኑ ሲወጣ ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ሆኖ ከተገኘ፣ ማሰሪያው ከመሰበሩ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲንገጫገጭ ቆይቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥገና ሦስቱንም ጎሚኒዎች በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው። አንዱን አዲስ አድርጎ ሁለቱን አሮጌ መተው አዲሱን ብቻ ያስጭነዋል። በአካባቢያችን አዲስ ጎሚኒ ሲጠፋ ከከባድ መኪና ያረጀ ጎማ ቆርጦ በቶርኖ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ይህንን አልኮንነውም፣ ነገር ግን ለጊዜው ብቻ ያገለግላል፤ በትክክል ካልተሠራም ይጎዳል። በመሐሉ የብረት ቱቦ መኖር አለበት። ቱቦውም ከጎማው በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል መርዘም አለበት፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚጨብጠው ቱቦውን መሆን አለበትና። ቱቦ የሌለው ጎሚኒ ላይ ብሎን ሲጠብቅ ጎማው ይጨፈለቃል፣ በጥቂት ቀናትም ይላላል፤ ያኔ የጠበቀ የሚመስለው ብሎን ምንም አልያዘም።

ብሎኖቹን በተመለከተ ሱቅ ሲገዙ ራሱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ። 8.8 የሚለው ብሎን ለዚህ ሥራ ብቁ ነው፤ ትርጉሙም በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል ተስቦ እስኪበጠስ ይችላል፣ ከዚያ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ደግሞ ላይመለስ መለጠጥ ይጀምራል ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ብሎን ለአጥርና ለበር ይሁን፤ ከዲፈረንሻል ሥር አይግባ። የማጥበቂያውን ልክ የመኪናው መመሪያ ይወስናል፤ መመሪያ ከሌለ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 8.8 ብሎን በብረት ዳዶ ላይ ከ45 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። በአሉሚኒየም ጥርስ ውስጥ የሚገባ ብሎን ግን ከዚህ ዝቅ ማለት አለበት። ጥርሱን በልቶት የመጣ ብሎን ብዙውን ጊዜ የተበላሸው በመንገድ ሳይሆን በጋራዥ ውስጥ በረጅም ቁልፍ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በሻንሲው በኩል ያለው ማሰሪያ ይጠናከራል። ቀድሞ የተለጠፈልዎት ወፍራም ብረት በምን መልክ እንደተበየደ አላየሁትም፣ ሆኖም አብዛኛው ጊዜ የሚሠራው አራት ማዕዘን ቁራጭ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ መበየድ ነው። ይህ አሠራር ሻንሲውን ብየዳው በሚያልቅበት መስመር ላይ ያደክመዋል፤ ወፍራሙ ብረት የማይጣመም ስለሆነ መጣመሙ ሁሉ በጠርዙ ላይ ይከማቻል። የሚሻለው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ተራ ብረት ባለ ሦስት ማዕዘን ሁለት ደጋፊዎች ቆርጦ፣ ማሰሪያው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ግራና ቀኝ ማቆም ነው። የደጋፊዎቹ ሹል ጫፎች ይቆረጡ፣ ማዕዘኖቹም ይከርከሙ። ብየዳው በሻንሲው ርዝመት አቅጣጫ ይሂድ እንጂ ሻንሲውን አቋርጦ አይሂድ፤ በተለይ የሻንሲውን የታችኛውና የላይኛው ጠርዝ አይንካ። አሮጌ ስንጥቅ ካለ ከመበየዱ በፊት በጫፉ ላይ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳ፤ ስንጥቁ ከቀዳዳው አልፎ ለመሄድ ይቸገራል። ባትሪው ይነቀል። የብየዳ ማሽኑ የመሬት ገመድ በሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ ራቅ ብሎ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ አልፎ ሊያበላሻቸው ይችላል። በዚያው በኩል የሚያልፉት የነዳጅና የፍሬን ቧንቧዎች ይነሡ ወይም በደንብ ይከለሉ። የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበት ቦታ በመፍጫም ሆነ በብየዳ እንዳይነካ አደራ እላለሁ፤ ለዓመታዊ የቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ቁጥሩ መነበብ አለበት።

ይሁን እንጂ ዋናው ሥራ ገና አልመጣም። ዋናው ሥራ በአሉሚኒየሙ ጆሮ ላይ ብቻ የሚያርፈውን ጉልበት ለቤቱ ሰፊ ክፍል ማከፋፈል ነው። የዲፈረንሻሉን ቤት ሁለት ክፍሎች የሚያያይዙ ብሎኖች በክብ ተደርድረው አሉ። ከእነዚህ መካከል ለተሰነጠቀው ጆሮ የሚቀርቡትን ሦስት ወይም አራት ብሎኖች ተጠቅሞ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ማሰር፣ ሳህኑንም እስከ ጎሚኒው ብሎን ድረስ ማድረስ ይቻላል። ያኔ ጉልበቱ ከማሰሪያው ተነሥቶ በሳህኑ በኩል ወደ አራት ብሎኖች ይበተናል፣ ጆሮውም ብቻውን አይጨነቅም።

ልኩ የሚወሰደው እንዲህ ነው። ወፍራም ካርቶን በቤቱ ፊት ላይ ተጭኖ በአውራ ጣት የብሎኖቹ ራስ ላይ ይታሻል፤ የተረፈው ግሪስና ቆሻሻ በካርቶኑ ላይ የእያንዳንዱን ብሎን ክብ ጥርት አድርጎ ያትማል። ካርቶኑ በእነዚህ ክቦች ላይ ተበስቶ እንደገና ይሞከራል፤ ሁሉም ቀዳዳ ያለ ግፊት ሲገጥም ብቻ ወደ ብረት ይዛወራል። በግድ የሚገጥም ሳህን ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ቤቱን በአንድ ወገን ይስበዋል፣ ይህም ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ሳህኑ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብሎኖቹም በ6 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ሆነው ይለወጡ፤ አሮጌዎቹ ከቀሩ በአሉሚኒየሙ ውስጥ የሚይዙት ጥርስ ያንሳል። በአሉሚኒየም ውስጥ አንድ ብሎን ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢቻል ሁለት እጥፍ ጥልቀት መያዝ አለበት። በጣም ረዝሞ የቀዳዳውን ወለል እንዳይነካም ይጠንቀቁ፤ ወለሉን የነካ ብሎን የጠበቀ መስሎ ሳህኑን አይጫነውም። ብሎኖቹ አንድ በአንድ እየወጡ ይተኩ እንጂ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈቱ፤ አለበለዚያ ዘይቱ ይፈሳል፣ በመካከሉ ያለው ማሸጊያም ይላቀቃል።

ሳህኑና ደጋፊዎቹ ከተገጠሙ በኋላም ጎሚኒዎቹ በቦታቸው ይቆያሉ። የማሰሪያው ሰንሰለት አንድ ለስላሳ ቀለበት ይኖረዋል፣ የቀሩት ጠንካራ ይሆናሉ፤ ትክክለኛው አሠራርም ይህ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በጅማ ብዙ ቪታራዎች ከፍ እንዲሉ ተደርገዋል። መኪናው ከፍ ሲል የጎማዎቹ አክስሎች ማዕዘን ስለሚበዛ፣ ይህንን ለማስተካከል ዲፈረንሻሉን በማሰሪያዎቹና በሻንሲው መካከል ክብ ብረት በማስገባት ዝቅ ያደርጉታል። በ25 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ የቆመ ብሎን ከሻንሲው በዚያው ልክ ርቆ ስለሚገፋ መቆልመም ይጀምራል፤ ቀድሞ ጠብቆ ይይዝ የነበረው ብሎን አሁን እንደ ምሰሶ ተጎንብሶ ይሠራል። የእርስዎ መኪና እንዲህ ከሆነ፣ ክብ ብረቶቹ ወጥተው በምትካቸው ከሻንሲው ጋር የሚበየድ ዝቅ ያለ ማሰሪያ ይሠራ፤ ወይም መኪናው ወደ ቀድሞ ቁመቱ ይመለስ። ትልልቅ ጎማ ያስገባም ቢሆን ያስብበት፤ ጎማው በተለቀ ቁጥር መሬቱ ሲይዘው በዲፈረንሻሉ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት በዚያው ልክ ያድጋል።

በመጨረሻ ስለ አነዳድዎ። ፎር ዊል አስገብተው በደረቅ አስፋልት አይንዱ። በዚህ መኪና ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች አንድ ላይ ይቆለፋሉ። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄዱ፣ መንሸራተት በማይችሉበት አስፋልት ላይ ልዩነቱ በጥርሶቹና በማሰሪያዎቹ ላይ ይጠራቀማል። ከጌራ ጭቃ ወጥተው አጋሮ አስፋልት ላይ ሲደርሱ ፎር ዊሉን ያውጡ፤ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ነው ብለው አይተዉት። ጭቃ ውስጥ ሲያዙ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀይሩ ጎማዎቹ ፈጽሞ መቆማቸውን ያረጋግጡ፣ ፍሪሲዮኑንም በዝግታ ይልቀቁ። ሎው የተሠራው በዝግታ ለመውጣት ነው፤ በፍጥነት ለመምታት የሚጠቀሙበት ሰዎች ማሰሪያ የሚሰብሩት በሎው ነው። ጎማው ሦስት ጊዜ ተሽከርክሮ ካልወጣ ይውረዱና ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ሥሩ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ እኔ በጅማ አጂፕ አካባቢ የብየዳ ሥራ የምሠራ ወጣት ነኝ። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ዲፈረንሻል ቤት ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉ። በተራው የኤሌክትሮድ ማሽን ልበይደው እችላለሁ? ካልሆነስ በሁለት ውሕድ ማጣበቂያ ልሙላው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጠየቅህ ራሱ ለሥራህ ያለህን ጥንቃቄ ያሳያልና ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ ማግኔት አስጠጋበት። ማግኔቱ ከያዘ ቤቱ ብረት ነው፤ የዚህ መኪና ክፍሎች እንደ ሞዴሉ ስለሚለያዩ በዓይን ብቻ አትፍረድ። ማግኔቱ ካልያዘ አሉሚኒየም ነውና ለተራ ብረት የሚያገለግለው ኤሌክትሮድ በጭራሽ አይሆንም። አሉሚኒየም በላዩ ላይ ያለው ቀጭን የኦክሳይድ ቆዳ የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሲሆን ውስጡ ግን በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ቆዳው ሳይከፈት ውስጡ ይፈስሳል። ለዚህ የሚሆነው በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የአርጎን ጋዝ ያለው የቲግ ማሽን ነው።

ማሽኑ ያለው ሰው ብታገኝም ሥራው ቀላል አይደለም። ለዓመታት ዘይት ሲጠጣ የኖረ አሉሚኒየም ሲሞቅ ዘይቱን ከስንጥቁ ውስጥ መልሶ ይተፋዋል፣ ብየዳውም ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ መፈታት፣ ኩሽኔታዎቹና ፓራኦሊዮዎቹ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱት ቀለበቶች) መውጣት፣ ስንጥቁ እስከ ሥሩ ድረስ በመፍጫ ተከፍቶ በማጽጃ ደጋግሞ መታጠብ፣ ከዚያም ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ቀድሞ መሞቅ አለበት። ከብየዳ በኋላ ደግሞ የኩሽኔታ ቀዳዳዎቹ ክብነታቸውን እንዳላጡ በቶርኖ ቤት ይለካ፤ ጥቂት እንኳ ከተጣመሙ ፒኞኑና ኮሮናው (ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ) በትክክል አይነካኩም፣ ደንበኛህም በሳምንቱ እያጉረመረመ በሚሄድ ዲፈረንሻል ይመለሳል። ስንጥቁ በጆሮው ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ ያለው ነው። ወደ ኩሽኔታው መቀመጫ ከገባ ግን ገንዘባቸውን አትቀበል፤ ያገለገለ ሙሉ ቤት ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ እንዲያስፈልጉ ንገራቸው።

ማጣበቂያው ዘይት እንዳያፈስ ሊያሽግ ይችላል፤ ጉልበት ግን አይሸከምም። ጆሮውን በማጣበቂያ ለጥፎ መኪናውን መልሶ መስጠት በሰው ሕይወት መጫወት ስለሆነ አደራህን ይህን አታድርግ። ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ የገለጽኩት የብረት ሳህን በአንተ እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ስንጥቁ ትንሽ ሆኖ ዘይት የማያፈስ ከሆነ፣ በጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስተህ ሳህኑን በትክክል ብታሠራ ቤቱ ሳይበየድ ብዙ ሊያገለግል ይችላል። ሳህኑን ከጨረስክ በኋላ በዝገት መከላከያ ቀለም ቀባው፤ በሳህኑና በአሉሚኒየሙ መካከል ያለውን ፊት ግን በስሱ ብቻ ቀባ፤ ወፍራም ቀለም በብሎኑ ግፊት እየሳሳ ሲሄድ ብሎኑ ይላላልና። ደንበኛውም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ብሎኖቹን እንድታይለት እንዲመለስ ንገረው።

ጥያቄ፦ ወደ ዴዶ የምትመላለስ ሱዙኪ ጂምኒ አለችኝ። የቪታራ ባለቤቶች በየጊዜው ስለ ዲፈረንሻል ማሰሪያ ሲያማርሩ እሰማለሁ። እኔስ ከአሁኑ ላጠናክር ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ የእርስዎ መኪና እንዲህ ያለ ማሰሪያ የላትም። ጂምኒ የፊት ዲፈረንሻሏ በሙሉ አክስሉ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ አክስሉ እንደ አንድ ግንድ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ ይደርሳል፣ ከጎማዎቹም ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀደም ብዬ የገለጽኩት የመዞር ትግል በእርስዎም መኪና አለ፤ የሚከለክሉት ግን አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ረጃጅም ክንዶች ናቸው። ስለዚህ የሚመረመሩት የክንዶቹ ጎሚኒዎችና የሚታሰሩባቸው የሻንሲ ክፍሎች ናቸው። ፍሬን ሲይዙ ፊቷ ወደ አንድ ወገን ከሳበ፣ ወይም በጎርበጥባጣ መንገድ መሪው በእጅዎ ላይ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር እነዚህን ጎሚኒዎች አብረው ያስፈትሹ። እስካሁን ምንም ምልክት ካላዩ ምንም አይበየድ፤ ጤነኛ ሻንሲ ላይ ያለ ምክንያት የሚጨመር ብየዳ አዲስ የድካም መስመር ይፈጥራል። የዴዶን ዳገት ወጥተው ሲመለሱ በየጊዜው ከሥር ታጥባ የክንዶቹ ብሎኖች ይታዩ፤ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ቢሆን ይበቃል።